በርናርድ ሲልቨርና ዕቃን የሚያናግረው መስመር

ዛሬ በብዙ የጥገና ዕቃ ቤቶች መፍቻውም መሰርሰሪያውም ባር ኮድ የሚባለው የመስመር ምልክት ተለጥፎበት ይገኛል። ምልክቱን ለማንበቢያው መሣሪያ ማሳየት ብቻ ነው፤ ዕቃውን ማን እንደ ወሰደው፤ መቼስ እንደ ተጠገነ ከመዝገቡ ይታወቃል። ይህን ካሰቡት ሁለት ሰዎች አንዱ አሜሪካዊው መሐንዲስ ሚስተር በርናርድ ሲልቨር ናቸው።

ሚስተር ሲልቨር የተወለዱት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1924 ዓ.ም. ነው። በ1948 በፊላዴልፊያ በድሬክሰል የቴክኖሎጂ ተቋም ሲማሩ፤ አንድ የምግብ መደብሮች ኃላፊ የሚሸጠውን ዕቃ በራሱ የሚመዘግብ ዘዴ እንዲጠናላቸው ዲኑን ሲለምኑ በአጋጣሚ ሰሙ። ዲኑ አልተቀበሉም። ሲልቨር ግን ማንም ሳያዛቸው ነገሩን ለጓደኛቸው ለኖርማን ዉድላንድ አዋዩ።

በመጀመሪያ በልዩ ብርሃን የሚያበራ ቀለም ሞከሩ፤ ቀለሙ ይደበዝዛል፤ ዋጋውም ውድ ነው። በኋላ ዉድላንድ በፍሎሪዳ ባሕር ዳር ተቀምጠው የሞርስን ነጥብና ሰረዝ በጣታቸው አሸዋው ላይ ወደ ታች ቢስቡት ቀጭንና ወፍራም መስመር ሆነ። በ1949 አመለከቱ፤ በ1952 የፈጠራ መብቱን አገኙ።

ችግሩ ማንበቢያው ነበር። የሠሩት መሣሪያ የ500 ዋት አምፑል ያለው ሲሆን ሙቀቱ ወረቀቱን ያጨሰው ነበር፤ ሐሳቡ ቀድሞ መብራቱ ዘገየ ማለት ነው። መብቱን ለፊልኮ ኩባንያ በ15,000 ዶላር ሸጡት፤ ከፈጠራቸው ያገኙትም ይኸው ብቻ ነው።

ሲልቨር በ1963 በ38 ዓመታቸው ሞቱ። ዛሬ በየሸቀጡ ላይ የምናየው ዓይነት ምልክት በኦሃዮ፤ በትሮይ ከተማ መደብር፤ በአንድ ጥቅል ማስቲካ ላይ ሲነበብ ዘመኑ 1974 ነበር።