ከኮሌጅ ተመልሳ ልብስ ያጠበችው አብራሪ

በዚህ እትም በታዋቂ ሰዎች ዓምዳችን ይዤላችሁ የቀረብኩት የቤሲ ኮልማንን የሕይወት ታሪክ ነው። ባለፈው የሳይንቲስት ታሪክ ስላቀረብን አሁን ደግሞ የአብራሪ ይሁን ተባብለን በክበባችን ተስማምተናል። እኔ ግን እሷን የመረጥኩበት ሌላ ምክንያትም አለኝ፤ መሃል ላይ እነግራችኋለሁ።

ቤሲ ኮልማን እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 26 ቀን 1892 በአሜሪካ ቴክሳስ ውስጥ አትላንታ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደች። (ትልቋ አትላንታ ሌላ ናት፤ እኔም መጀመሪያ ተምታቶብኝ ነበር።) ወላጆቿ 13 ልጆች ወልደዋል። ቤተሰቡ ጥቁር አሜሪካዊ ነው፤ አባቷ ደግሞ ከነባሮቹ የአሜሪካ ሕዝቦችም ይወለዳል። በዚያ ዘመን በቴክሳስ ጥቁርና ነጭ በአንድ ትምህርት ቤት አይማርም፣ ባቡር ውስጥ እንኳን አብሮ አይቀመጥም። በኋላ ዋክሳሃቺ ወደምትባል ጥጥ የሚበቅልባት ከተማ ሄዱ። ቤሲ 9 ዓመቷ ላይ አባቷ ቤተሰቡን ትቶ ወደ ኦክላሆማ ሄደ። እናቷ ሱዛን ሰው ቤት እየሠራች ልጆቿን ማሳደግ ጀመረች። ታናናሾቿን የምትጠብቀው ቤሲ ሆነች።

ትምህርት ቤቷ አንድ ክፍል ብቻ ነበር። ሁሉም ተማሪ እዚያው ነው የሚማረው። እዚያ ለመድረስ ከ6 ኪሎ ሜትር በላይ በእግሯ ትሄዳለች። ጥጥ መልቀሚያው ሲደርስ ደግሞ ትምህርቱ ይዘጋል፣ ልጆቹ በሙሉ ወደ ማሳ ይወርዳሉ። እኛ ጋ እንኳን የጤፍ አጨዳ ሲሆን የኋላ ወንበሮች ባዶ የሚሆኑት የአንዳንዱ ልጅ ነው፤ እዚያ ግን የሁሉም ነበር። ቤሲ ጥጥ መልቀም አትወድም። ሒሳብ ላይ ግን ጎበዝ ስለነበረች የለቀሙት ጥጥ ሲመዘን የቤተሰቡን ሒሳብ የምትይዘው እሷ ነበረች።

ከፍ ስትል የነጮችን ልብስ እያጠበች ሳንቲም ማጠራቀም ጀመረች። እ.ኤ.አ. በ1910፣ በ18 ዓመቷ፣ ያጠራቀመችውን ይዛ ኦክላሆማ ውስጥ ላንግስተን የሚገኝ የጥቁሮች ኮሌጅ ገባች። የተማረችው ግን አንድ ተርም ብቻ ነው። ገንዘቡ አለቀ። ሻንጣዋን ይዛ ወደ እናቷ ቤት ተመለሰች፤ ያንኑ የልብስ ማጠቢያ ሥራ ቀጠለች።

ምክንያቴን አሁን ልንገራችሁ። ታላቅ እህቴም አምና ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሪሚዲያሉን ስላላለፈች ተመልሳለች። (ጻፈው ብላ ፈቅዳልኛለች።) በተመለሰች ሰሞን ሱቅ መሄድ እንኳን አትወድም ነበር፤ ምክንያቱም በመንገድ ያገኛት ሰው ሁሉ ለምን እንደመጣችና ስንት እንዳመጣች ይጠይቃታል። ቤሲ የወጣችው ወድቃ ሳይሆን ብር አልቆባት ነው። ግን ለጎረቤት ሰው ሁለቱም አንድ ነው መሰለኝ፤ ሄዳ ነበር፣ ተመለሰች፣ በቃ።

እናላችሁ ቤሲ ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት ያህል እዚያው ዋክሳሃቺ ቆየች። የቆሸሸውን ትሰበስባለች፣ ውሃ ታፈላለች፣ ታጥባለች፣ ታሰጣለች፣ ትተኩሳለች፣ አጣጥፋ ለባለቤቱ ታደርሳለች። ሰኞ ያጠበችው ልብስ በሳምንቱ ቆሽሾ ይመለሳል። የቤሲን ታሪክ የሚያወራ ሰው ይህችን ጊዜ ቶሎ አልፎ አውሮፕላኑ ላይ ይደርሳል። አምስት ዓመት ግን እኮ እኛ ከሦስተኛ ክፍል ጀምረን እዚህ እስክንደርስ ያለው ጊዜ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1915 ወንድሞቿ ወዳሉበት ወደ ቺካጎ ሄደች። እዚያ የወንዶች ፀጉር ቤት ውስጥ ጥፍር እየሠራች ትተዳደር ነበር። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲያልቅ ወንድሟ ጆን ከፈረንሳይ ተመለሰና ይቀልድባት ጀመር። የፈረንሳይ ሴቶች አውሮፕላን ያበራሉ፣ አንቺ ግን አትችይም እያለ አበሸቃት። እሷም እንደ ሌላ ሰው አላኮረፈችም፤ በቃ አብራሪ እሆናለሁ ብላ ተነሳች። (እኔም በሪሞት ተጣልተን ለእህቴ የተናገርኩት ነገር አለ። እዚህ አልጽፈውም። ጆን ላይ ስደርስ ግን እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ነበር።)

አሜሪካ ውስጥ ያሉት የበረራ ትምህርት ቤቶች አልተቀበሏትም። ሴት ናት፣ ጥቁርም ናት። ቺካጎ ዲፌንደር የሚባለው የጥቁሮች ጋዜጣ ባለቤት ሮበርት አቦት ግን ፈረንሳይ ሄዳ እንድትማር መከራት። ስለዚህ ቤሲ ቋንቋውን ተማረች፤ አስቡት፣ ጥፍር እየሠሩ ፈረንሳይኛ! በኖቬምበር 1920 በመርከብ ሄደች። ትምህርት ቤቱ ባሕር ዳርቻ ላይ ባለችው ለ ክሮትዋ በምትባል ከተማ ነበር። የዚያን ጊዜ አውሮፕላን ከእንጨትና ከጨርቅ የተሠራ ነው፣ ፍሬንም መሪም የለውም፤ በእጅ በሚያዝ ዱላና በእግር በሚገፋ ዘንግ ነው የሚነዳው። አንድ አብሯት የሚማር ልጅ ተከስክሶ ሲሞት አይታለች። ትምህርቷን ግን አልተወችም። እ.ኤ.አ. ጁን 15 ቀን 1921 ዓለም አቀፍ የአብራሪነት ፈቃድ አገኘች። ከጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች የመጀመሪያዋ ናት።

አገሯ ስትመለስ ጋዜጠኞች ተቀበሏት፤ ቋሚ ሥራ የሚሰጣት ግን አልነበረም። ስለዚህ በአውሮፕላን ትርኢት ማሳየት ጀመረች። ይገለበጣል፣ ይሽከረከራል፣ ሕዝቡ ከታች ይጮኻል። በ1923 ሎስ አንጀለስ አካባቢ አውሮፕላኗ ወድቆ እግሯና ጎድኖቿ ተሰበሩ፤ ሲሻላት እንደገና በረረች። ልብስ ባጠበችባት ዋክሳሃቺ ትርኢት ልታሳይ ስትል አዘጋጆቹ ለነጭና ለጥቁር የተለያየ በር ሊያደርጉ ነበር። ቤሲ በአንድ በር ካልገቡ አልበርም አለች። በአንድ በር ገቡ፤ ውስጥ የተቀመጡት ግን ለየብቻ ነው።

ሐሳቧ ገንዘብ አጠራቅማ ለጥቁሮች የበረራ ትምህርት ቤት መክፈት ነበር። አልደረሰችበትም። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 30 ቀን 1926 ጃክሰንቪል በምትባል ከተማ ለማግስቱ የፓራሹት ዝላይ ቦታ ልትመርጥ ከመካኒኳ ጋር ወጣች። የሚያበረው እሱ ነው። እሷ ወደ ታች ጎንበስ ብላ ለማየት ቀበቶዋን አላሰረችም ነበር። ሞተሩ ጋ የተረሳ የመካኒክ መፍቻ መሪውን ያዘው፣ አውሮፕላኑ ተገለበጠ፣ ቤሲ ወደቀች። መካኒኩም ከአውሮፕላኑ ጋር ተከሰከሰ። እሷ 34 ዓመቷ ነበር።

ከሞተች በኋላ በስሟ የበረራ ክበብ በሎስ አንጀለስ ተከፈተ። ቺካጎ ውስጥ ደግሞ ጥቁር አብራሪዎች ማኅበር አቋቁመው ከ1931 ጀምሮ በየዓመቱ በመቃብሯ ላይ እየበረሩ አበባ ይጥሉ ነበር። ከማኅበሩ መሥራቾች አንዱ ጆን ሮቢንሰን ነው። ይሄ ሰውዬ ጣሊያን አገራችንን በወረረበት በ1935 እዚህ መጥቶ የኢትዮጵያን ትንሽ የአየር ኃይል የመራው ነው! ከድል በኋላም ተመልሶ መጥቶ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎችን አሰልጥኗል። በ1954 አዲስ አበባ ውስጥ አረፈ። (እነዚህም ዓመቶች እ.ኤ.አ. ናቸው።)

የምታነቡት የእጅ ጽሑፍ የእኔ አይደለም፣ የእህቴ ነው፤ የእኔ አይነበብም። ስትገለብጥልኝ የልብስ ማጠቡን ቦታ በሁለት መስመር እንዳለፍኩት አይታ እስክሪብቶውን መለሰችልኝና አስረዝሜ እንድጽፈው አዘዘችኝ።

ከ7ኛ ለ ክፍል፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል