ከሙቀት ጥናት እስከ ቪዲዮ እመቃ፦ የዦሴፍ ፉርዬ ሕይወትና የአንድ ጥያቄ ጉዞ

መግቢያ

በሰከንድ 25 ምስል የሚያሳይ፣ በእያንዳንዱ ምስል 1920 በ1080 ፒክስል የያዘና ለአንድ ፒክስል 24 ቢት የተመደበለት ቪዲዮ ሳይታመቅ ቢላክ በየሰከንዱ 1.24 ቢሊዮን ያህል ቢት ይፈልጋል። ይህን የሚሸከም የቤት ወይም የሞባይል ኢንተርኔት መስመር በቀላሉ አይገኝም። በመሆኑም በኢንተርኔት የሚሠራጭ ቪዲዮ ከተመልካቹ ዘንድ የሚደርሰው ታምቆ ነው። ዛሬ በስፋት የሚሠራባቸው የእመቃ መስፈርቶች ከሚጋሯቸው መሠረቶች አንዱ ማንኛውንም የመጠን ለውጥ በሞገዶች ድምር መግለጽ ይቻላል የሚለው ሐሳብ ነው። ሐሳቡን በ1807 በሰፊው ያቀረበው ፈረንሳዊው ዦሴፍ ፉርዬ ሲሆን፣ ይመረምር የነበረውም ሙቀት በጠጣር አካል ውስጥ የሚጓዝበትን ሁኔታ ነበር።

ይህ ጽሑፍ የፉርዬን የሕይወት ታሪክ በአጭሩ ይተርካል። የሚያስረዳውም በሥራው ላይ የተነሣው ተቃውሞ የያዘው እውነተኛ ጥያቄ እስከ ዛሬ በቪዲዮ ጥራትና በማጫወቻዎች ተኳኋኝነት ውስጥ እንደሚኖር ነው። በጽሑፉ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና የአብዮቱ ዘመን

ዣን ባቲስት ዦሴፍ ፉርዬ ማርች 21 ቀን 1768 በፈረንሳይ፣ በኦሴር ከተማ ተወለደ። አባቱ ልብስ ሰፊ ነበር። አሥር ዓመት ገደማ ሲሆነው እናቱንም አባቱንም በሞት አጣ። በዚያው ከተማ የቤኔዲክት ማኅበር መነኮሳት ያስተዳድሩት በነበረው ወታደራዊ ትምህርት ቤት ገብቶ ሲማር የሒሳብ ዝንባሌው ገና በልጅነቱ ጎልቶ ወጣ። በ1787 ለምንኩስና በማሰብ ወደ ሴን ቤኗ ሱር ሏር ገዳም ገባ፤ ነገር ግን መሐላ ሳይፈጽም በ1789 ገዳሙን ትቶ ወጣ። ቀጥሎም በተማረበት ትምህርት ቤት መምህር ሆነ።

በ1793 የከተማውን የአብዮት ኮሚቴ ተቀላቀለ። አብዮቱ ልጆቹን መብላት በጀመረበት በ1794 እርሱም ታሰረ። በዚያ ዘመን እስር ብዙዎችን ወደ ጊዮቲን የወሰደ መንገድ ነበር። የፉርዬን ሕይወት ያተረፈው የሮቤስፒየር በጁላይ 1794 መውደቅ ነው። ከእስር ከወጣ በኋላ በ1795 መጀመሪያ በፓሪስ ወደ ተከፈተው ኤኮል ኖርማል መምህራን ማሠልጠኛ ተልኮ ከላግራንዥ፣ ከላፕላስና ከሞንዥ እግር ሥር ተማረ። ብዙም ሳይቆይ በኤኮል ፖሊቴክኒክ ማስተማር ጀመረ፤ በ1797ም የላግራንዥን ወንበር ተረከበ። ከዓሥር ዓመት በኋላ ሥራውን አጥብቆ የሚቃወመውም ይኸው ላግራንዥ ነው።

ከካይሮ እስከ ግረኖብል

በ1798 ናፖሊዮን ወደ ግብጽ ሲዘምት ካስከተላቸው ምሁራን መካከል ፉርዬ ይገኝበታል። በካይሮ የተመሠረተው የግብጽ ኢንስቲትዩት ጸሐፊ ሆኖ ሠራ። በ1801 ወደ ፈረንሳይ ሲመለስ ሐሳቡ ወደ ማስተማር ሥራው መግባት ነበር፤ ናፖሊዮን ግን በ1802 መቀመጫው ግረኖብል የሆነውን የኢዜር አውራጃ እንዲያስተዳድር ሾመው። በሥልጣን ዘመኑ የቡርጓንን ረግረጋማ ቦታዎች አስደረቀ፤ ከግረኖብል ወደ ቱሪን የሚወስደውን መንገድ ሥራ አስጀመረ። ስለ ግብጽ ለተዘጋጀው ታላቅ የጥናት ስብስብም ታሪካዊውን መቅድም ጻፈ።

ከፓሪስ የምርምር ማዕከል ርቆ፣ የአስተዳደር ፋይል በተከመረበት ጠረጴዛ ላይ፣ ዋነኛ የሳይንስ ሥራውን የሠራው በዚህ ወቅት ነው። ሙቀት በብረት ቀለበትና በሌሎች ጠጣር አካላት ውስጥ እንዴት እንደሚሠራጭ በሙከራም በስሌትም መረመረ።

የ1807 ጥናትና የላግራንዥ ተቃውሞ

ፉርዬ በዲሴምበር 1807 ጥናቱን ለፓሪሱ ኢንስቲትዩት አቀረበ። እንዲመረምሩት የተመደቡት ላግራንዥ፣ ላፕላስ፣ ሞንዥና ላክሯ ነበሩ። ጥናቱ ከያዛቸው ጥያቄዎች አንዱ የሚከተለው ነው፦ የአንድ ቀጭን ሰሌዳ ታችኛ ጠርዝ በሙቀት መጠን 1፣ ሁለቱ ጎኖቹ ደግሞ በዜሮ እንዲጸኑ ቢደረግ በሰሌዳው ውስጥ ያለው ሙቀት እንዴት ይደላደላል? ለዚህ መልስ ለመስጠት በታችኛው ጠርዝ ላይ ያለውን፣ ከ1 ወደ ዜሮ በድንገት የሚወርደውን መጠን በኮሳይን ሞገዶች ድምር መጻፍ አስፈለገው። ያገኘው ድምር የመጀመሪያውን ሞገድ ወስዶ የሦስተኛውን ሢሶ ይቀንሳል፣ የአምስተኛውን አምስተኛ እጅ ይጨምራል፣ የሰባተኛውን ሰባተኛ እጅ ይቀንሳል፣ እንዲህ እያለም ያለ ፍጻሜ ይቀጥላል።

የላግራንዥ ተቃውሞ እዚህ ላይ ነበር። እያንዳንዱ ሞገድ ለስላሳና ያልተቋረጠ ሆኖ ሳለ ድምራቸው ሹል ጠርዝ ያለውን መጠን እንዴት ሊሰጥ ይችላል? ፉርዬ ድምሩ ወደሚፈለገው ዋጋ መቅረቡን በስሌት አሳየ፤ ሆኖም ለሁሉም ዓይነት መጠን እንደሚሠራ የሚያረጋግጥ የተሟላ ማስረጃ አላቀረበም። ጥናቱ በዚያን ጊዜ ሳይታተም ቀረ።

ኢንስቲትዩቱ በሙቀት ሥርጭት ላይ የሽልማት ውድድር ባወጣ ጊዜ ፉርዬ ሥራውን አስፋፍቶ በ1811 አቀረበ። ሽልማቱንም በ1812 አገኘ፤ ዳኞቹ ግን በሥራው አጠቃላይነትና በማስረጃው ጥብቅነት ላይ ያላቸውን ነቀፌታ አያይዘው ጻፉ። የተሸለመው ሥራም ወዲያው አልታተመም። ስለዚህ ፉርዬ ሽልማት በእጁ ይዞ፣ ሥራው ግን ለአንባቢ ሳይደርስ ዓመታትን አሳለፈ።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

በ1815 ናፖሊዮን ከኤልባ ደሴት ተመልሶ በግረኖብል ሲያልፍ ፉርዬ በሁለት እሳት መካከል ገባ። ናፖሊዮን የሮን አውራጃ አስተዳዳሪ አድርጎ ቢሾመውም በሹመቱ ብዙ ሳይቆይ ሥራውን ለቀቀ። በ1816 ለሳይንስ አካዳሚ አባልነት ሲመረጥ ንጉሥ ሉዊ 18ኛ ምርጫውን አላጸደቀም፤ በ1817 በድጋሚ ተመርጦ ገባ። በ1822 የአካዳሚው ቋሚ ጸሐፊ ሆነ፤ የሙቀትን የሒሳብ ንድፈ ሐሳብ የያዘው መጽሐፉም በዚያው ዓመት ታተመ። ከመጀመሪያው ጥናት እስከዚህ መጽሐፍ 15 ዓመታት ያህል አልፈዋል። የ1811ንም ሥራ ቀድሞ ባቀረበው መልክ በአካዳሚው መድበል እንዲታተም አደረገ። ሜይ 16 ቀን 1830 በፓሪስ ዐረፈ።

ከመሞቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1829፣ በፓሪስ ሳለ የቀረበው ወጣቱ ጀርመናዊ ዲሪሽሌ ድምሩ የሚሠራባቸውን ሁኔታዎች በጥብቅ ማስረጃ አስቀመጠ። የፉርዬ መንገድ ትክክል መሆኑ በዚህ ታወቀ። ይሁን እንጂ የላግራንዥ ጥርጣሬ በከንቱ አልነበረም። ድምሩ የሚሟላው ሞገዶቹ ማለቂያ ሳይኖራቸው ሲደመሩ ብቻ ነው። በመካከል ከተቆረጠ በሹሉ ጠርዝ አጠገብ መወዛወዝ ይፈጠራል። እንግሊዛዊው ዊልብራሃም በ1848፣ አሜሪካዊው ጊብስ በ1899 እንዳሳዩት የሞገዶቹ ቁጥር ቢጨመርም ከጠርዙ አጠገብ የሚቀረው ትርፍ ከዝላዩ 9 በመቶ ገደማ ሆኖ ይጸናል፤ የሚጠበው የሚታይበት ስፋት ብቻ ነው።

ጠርዙና ስክሪኑ

በ1974 አሕመድ፣ ናታራጃንና ራኦ የተባሉ ተመራማሪዎች ዲስክሪት ኮሳይን ትራንስፎርም የተባለውን ስሌት አሳተሙ። ስሌቱ የምስልን ቁራጭ በተወሰኑ የኮሳይን ሞገዶች መጠን ይገልጻል። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የወጡት ኤች.261፣ ጄፔግና ኤምፔግ ምስሉን በ8 በ8 ፒክስል ብሎኮች ከፍለው ለእያንዳንዱ ብሎክ 64 የሞገድ መጠኖችን ያሰላሉ። 64ቱም ሳይነኩ ቢቀመጡ ምስሉ እንዳለ ይመለሳል። ቦታ የሚቆጥበው ቀጣዩ እርምጃ ነው፦ መጠኖቹ ይጠጋጋሉ፣ ዓይን እምብዛም የማያስተውላቸው ፈጣን ሞገዶችም በብዛት ዜሮ ይሆናሉ።

እመቃው ሲጠነክር የላግራንዥ ጥያቄ በስክሪኑ ላይ ይታያል። ለስላሳ ሰማይ ወይም ግድግዳ በጥቂት ሞገዶች በደንብ ይገለጻል። ሹል ጠርዝ ያላቸው ነገሮች ግን ፈጣኖቹን ሞገዶች ይፈልጋሉ። በምስሉ ላይ የተጻፈ የግእዝ ፊደል ዙሪያውን ብዥ ያለና የሚንቀጠቀጥ ጥላ የሚያጠላበት እነዚያ ሞገዶች ስለ ተጣሉ ነው።

የማጫወቻዎች ተኳኋኝነት

ሁለተኛው ችግር ከተቀባዩ ወገን ይነሣል። በቪዲዮ አብዛኛው ምስል የሚገለጸው ከቀደመው ምስል በሚለይበት ልዩነት ነው። አማቂው ቀድሞ የላከውን ምስል ማጫወቻው እንዴት አድርጎ እንደሚመልሰው አስቦ በዚያ ላይ ልዩነቱን ያሰላል። የኮሳይን ዋጋዎች ግን በአብዛኛው ማለቂያ የሌላቸው አሥርዮሽ ቁጥሮች በመሆናቸው ሁለት መሣሪያዎች አጠጋግተው ሲያሰሉ በጥቂቱ ሊለያዩ ይችላሉ። ያች ትንሽ ልዩነት ከምስል ወደ ምስል እየተጠራቀመች ሥዕሉን ታበላሻለች። ስለዚህ ኤች.261 እያንዳንዱ የምስል ክፍል ቢበዛ በ132 ጊዜ መላክ ውስጥ አንድ ጊዜ ከቀደመው ምስል ሳይነሣ እንደ አዲስ እንዲላክ ደነገገ።

በ2003 የጸደቀው ኤች.264 ችግሩን ከሥሩ ፈታው። የኮሳይኑን ስሌት በሙሉ ቁጥሮች በሚሠራ፣ በመደመር፣ በመቀነስና ቢቶችን በማሸጋሸግ በሚከናወን ባለ4 በ4 ትራንስፎርም ተካው። መስፈርቱን የጠበቀ ማጫወቻ ሁሉ ከአንድ ፋይል በትክክል አንድ ዓይነት ምስል ያወጣል። በአንጻሩ እመቃው እንዴት እንደሚሠራ መስፈርቱ አይደነግግም፤ የትኛው ሞገድ ይጣል፣ የትኛው ይቆይ የሚለው ለአማቂው ብልሃት የተተወ ነው። በአንድ መስፈርትና በአንድ የቢት መጠን የታመቁ ሁለት ቪዲዮዎች በጥራት የሚለያዩትም ለዚህ ነው። እንዲሁም ማጫወቻው ፋይሉ የታመቀበትን መስፈርት የማያውቅ ከሆነ የአማቂው ብልሃት አይጠቅምም። በመሆኑም እንደ ኤች.265 እና ኤቪ1 ያሉት አዳዲስ መስፈርቶች ቢት ቢቆጥቡም አሠራጮች ለቆዩ መሣሪያዎች የኤች.264 ቅጂ ጭምር ያዘጋጃሉ።

ማጠቃለያ

የፉርዬ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው አዲስ ሐሳብ ያልገባቸው ሽማግሌዎች ያዘገዩት ሊቅ ታሪክ ሆኖ ነው። ሙሉው ታሪክ ከዚህ ይሰፋል። ፉርዬ ውጤቱን ሲያገኝ መርማሪው የውጤቱን ወሰን ጠየቀ፤ ሁለቱም ያዩት እውነት ነበር። ዲሪሽሌ ማስረጃውን የጻፈው፣ ጊብስም የጠርዙን መወዛወዝ የለካው ያንን ጥያቄ ይዘው ነው። የቪዲዮ መሐንዲስ የትኛውን ሞገድ ልጣል ብሎ ሲወስን የሚመዝነውም ያው የጠርዝ ጥያቄ ነው። ጥናቱ በነቀፌታ ለተመለሰበት ተመራማሪ ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ፉርዬ ሐሳቡን አልተወም፣ ነቀፌታውም ከእርሱ በኋላ ለመጡት የምርምር ርእስ ሆኖ አገለገለ።