የኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን ታሪክ ባጭሩ

እኛ የደባርቅ ልጆች ስለ በረራ የመጀመሪያውን ትምህርት ያገኘነው ከአሞራ ነው። ከሊማሊሞ አፋፍ ሆኖ የተመለከተ ሁሉ እንደሚያውቀው፥ ረፋዱ ሞቅ ሲል ጥንብ አንሳው ክንፉን ሳያርገበግብ ከገደሉ ሥር ወደ ላይ ይወጣል፤ ይኸውም ነፋሱ ገደሉን ተደግፎ ሽቅብ ስለሚነሣ ነው። ነገር ግን ያው ነፋስ ተራራውን ተሻግሮ ቁልቁል በሚወርድበት በኩል ትንሽ አይሮፕላን ቢያገኝ ወደ መሬት ይጫነዋል። በዚህ ላይ ደግሞ የአገራችን ከፍታ አለ። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል፥ አየሯ ከባሕር ዳርቻ አየር ሩብ ያህል ይጎድለዋል። ሞተሩ ይደክማል፥ ክንፉም የሚደገፍበት ያንሰዋል፤ ስለዚህ አይሮፕላን ለመነሣት ረጅም ሜዳ ይፈልጋል። አዲስ አበባም ከዚህ ብዙ አትርቅም። ይህን ማስቀደማችን የኮሎኔል ሮቢንሰን ሥራ ምን ያህል ከባድ እንደ ነበረ አንባቢ እንዲገምተው ብለን ነው።

ጆን ሮቢንሰን በፍሎሪዳ ተወልደው በሚሲሲፒ ያደጉ ጥቁር አሜሪካዊ ነበሩ። በተስኪጊ ትምህርት ቤት የመኪና ጥገና ከተማሩ በኋላ ወደ ቺካጎ ሄዱ። የበረራ ትምህርት ቤቱ ግን በመልካቸው ምክንያት አልቀበላቸውም። እርሳቸውም በዚያው ትምህርት ቤት የጥራጊ ሥራ ያዙና መጥረጊያቸውን ይዘው መምህሩን ያዳምጡ ጀመር። ኋላ ትጋታቸው ታይቶ ተማሪ ሆነው ገቡ፤ ከወዳጃቸው ከኮርኔሊየስ ኮፊ ጋርም ተመረቁ። የነጮች ሜዳ ስለ ተከለከሉ ሁለቱ ከጓደኞቻቸው ጋር ማኅበር አቁመው፥ ሮቢንስ በተባለች ትንሽ ከተማ የራሳቸውን ማረፊያ ሠሩ። ዐውሎ ነፋስ መጠለያውን ቢያፈርስባቸውም ወደ ሌላ ሜዳ ተዛውረው መብረርና ማስተማራቸውን ቀጠሉ።

በእኛ አስተያየት ሮቢንሰንን ከብዙ አብራሪዎች የለያቸው አስቀድመው መካኒክ መሆናቸው ነው። በዚያን ዘመን ሌላው ጥቁር አብራሪ ሁበርት ጁሊያን፥ በ1923 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል ሲቃረብ የንጉሡን ትንሽ አይሮፕላን ሰብሮ ከአገር ተሰናብቶ ነበር። ከዚህ በኋላ ሌላ እንግዳ አብራሪ መጥራት ቀላል ነገር አልነበረም። ሆኖም ዶክተር መላኩ በያን አደራጅተውላቸው ሮቢንሰን በ1927 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ፤ ብዙም ሳይቆዩ የአየር ኃይሉ አዛዥ ሆኑ።

አየር ኃይል ይባል እንጂ የነበሩት አይሮፕላኖች ጥቂቶች፥ ያረጁና ለውጊያ የማይበቁ ነበሩ። መለዋወጫ እንደ ልብ አይገኝም፤ የአየር ጠባይ የሚነግርም የለም። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ዐድዋ በቦምብ ስትደበደብ ሮቢንሰን በከተማዋ ነበሩ። ከዚያ ወዲያ መልእክትና መድኃኒት ወደ ጦር ግንባር ያመላልሱ ነበር። ፈጣኑ የጠላት አይሮፕላን ሲያሳድዳቸው መከላከያቸው ደመናው ነበረ። ደመና ከጥይት ቢሸሽግም በውስጡ ተራራ ሊኖር ይችላል፤ የሰሜንን ጉም የሚያውቅ ሰው ይህ ምን እንደ ሆነ አይጠፋውም። በዚያው ዓመት የወገራና የሰሜን ሰው ከደጃዝማች አያሌው ብሩ ጋር ዘምቶ ሳለ ከሰማይ የሚወርደውን እሳት ቀመሰ፤ የጠላትም ጦር በደባርቅና በዳባት አልፎ በመጋቢት ወር ጎንደር ገባ። ሮቢንሰን ቆስለውና በመርዝ ጭስ ተጎድተው፥ አዲስ አበባ ከመያዟ በፊት ወደ አገራቸው ተመለሱ። በቺካጎ ሕዝቡ እንደ ጀግና ተቀበላቸው፥ ቡናማው ኮንዶር ብሎም ሰየማቸው። ኮንዶር የአሜሪካ ትልቅ አሞራ ነው።

በዚያው በክብር መኖር ሲችሉ በ1936 ዓ.ም. ተመልሰው መጡ፤ ኢትዮጵያውያን ወጣቶችንም በረራ ማስተማር ያዙ። በኋላ ከስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታቭ ፎን ሮዘን ጋር ባለመስማማታቸው ከአየር ኃይሉ ወጡ፤ መብረሩን ግን አልተዉም፥ ከአገሪቱም አልወጡም።

በመጋቢት ወር 1946 ዓ.ም. የሚነዷት ትንሽ አይሮፕላን አዲስ አበባ ላይ ወደቀች። አብሯቸው የነበረው ኢጣሊያዊ ሞተ። ያሳደዳቸው ሳይኖር፥ በሰላም ቀን መሆኑ እኛን እጅግ ያሳዝነናል። ሮቢንሰን በእሳቱ ክፉኛ ተቃጥለው ሁለት ሳምንት ያህል ከታመሙ በኋላ ዐረፉ። ብዙ ሕዝብ አጅቧቸው በአዲስ አበባ ተቀበሩ።