ለአለርጂ ስም ያወጡት ሐኪም፤ ክሌመንስ ፎን ፒርኬ

ታኅሣሥ ሲገባ በቡሬ፣ በፍኖተ ሰላምና በዙሪያቸው ባሉ የምዕራብ ጎጃም ቀበሌዎች አውድማው ይለቀለቃል። ጤፉ ይወቃል፣ ዳጉሳው ይበራያል፣ እብቁም በመንሽ ሽቅብ ይበተናል። በአንድ አውድማ ዙሪያ የቆሙ ዐሥር ሰዎች ያንኑ ብናኝ እኩል ይተነፍሱታል። ዘጠኙ ልብሳቸውን አራግፈው ወደ ጠላው ይሄዳሉ። ዐሥረኛው ግን ዐይኑ ይቀላል፣ አፍንጫው ይፈስሳል፣ ሌሊቱን ደረቱ ሲያፏጭበት ያድራል። ጎረቤት ጉንፋን ነው ይለዋል፤ ከተማ ደርሶ የመጣው ደግሞ ሳይነስ ነው ይለዋል።

የቡሬ በርበሬ ሲወቀጥ የሚሆነው ከዚህ የተለየ ነው። በርበሬ ሰው አይመርጥም፤ በቤቱ ያለውን ሁሉ ያስነጥሳል። የበርበሬው ነገር የበርበሬው ጠባይ ነው፤ የአውድማው ነገር ግን የሰውየው አካል ጠባይ ነው። ይህን ልዩነት ለይተው ያዩትና ዛሬ በየጤና ጣቢያው የምንሰማውን አለርጂ የሚለውን ስም ያወጡት ኦስትሪያዊው የሕፃናት ሐኪም ክሌመንስ ፎን ፒርኬ ናቸው።

ፒርኬ እ.ኤ.አ ሜይ 12 ቀን 1874 በቪየና አጠገብ በምትገኘው ሂርሽሽቴተን ተወለዱ። አባታቸው የመኳንንት ወገንና የምክር ቤት አባል ነበሩ፤ እናታቸውም ከባለጸጋ የባንክ ቤተሰብ የተገኙ ናቸው። የእናት ምኞት ልጃቸው ካህን እንዲሆንላቸው ነበር። ወጣቱም ምኞቱን አክብረው በኢንስብሩክ ነገረ መለኮት፣ በቤልጅየሟ ሌቨን ደግሞ ፍልስፍና ተማሩ። ነገር ግን ልባቸው ከዚያ አልረጋም። ቤተሰቡን ባላስደሰተ ውሳኔ ወደ ሕክምና ዞሩና እ.ኤ.አ በ1900 በግራትስ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመረቁ። ወንድማቸው ጊዶም ቢሆን ከቤተሰቡ መንገድ የወጣ ሰው ነበር፤ ሰው ወደ ጠፈር ከመውጣቱ ከብዙ ዓመታት በፊት የሮኬትን ጉዞ በሂሳብ ሲቀምር የኖረ መሐንዲስ ነው።

ወጣቱ ሐኪም በቪየና በቅድስት አና የሕፃናት ሆስፒታል፣ በታዋቂው የሕፃናት ሐኪም በቴዎዶር ኤሸሪሽ ሥር ሥራ ጀመሩ። ዘመኑ የሴረም ዘመን ነበር። ዘጊ አናዳ የተባለው የጉሮሮ በሽታ ሕፃናትን እያነቀ ሲፈጅ፣ ኤሚል ፎን ቤሪንግና ባልደረቦቻቸው ከእንስሳት ደም የተዘጋጀ መከላከያ ፈሳሽ አገኙ። ፈሳሹ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ከፈረስ ደም ነበር። ሊሞቱ የነበሩ ሕፃናት ዳኑ፤ ቤሪንግም እ.ኤ.አ በ1901 የመጀመሪያውን የሕክምና ኖቤል ተሸለሙ።

ይሁንና መድኃኒቱ ሌላ እንግዳ ነገር አመጣ። መርፌውን ከወሰዱት ሕፃናት አንዳንዶቹ ከስምንት እስከ ዐሥራ ሁለት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይተኩሱ ነበር። ቆዳቸው በሽፍታ ይሸፈናል፣ መገጣጠሚያቸው ያብጣል፣ ንፍፊታቸው ይወጣል። ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያስገርመው ያው ሕፃን ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ሁለተኛ ሲወጋ የሚሆነው ነበር፤ ምልክቱ ቀናት መጠበቁን ትቶ በዚያው ዕለት፣ አንዳንዴም በደቂቃዎች ውስጥ ብቅ ይላል።

ፒርኬና ሀንጋሪያዊው ባልደረባቸው ቤላ ሺክ ይህን በየአልጋው እየተከታተሉ መዘገቡ። በጊዜው የነበረው እምነት፣ በሽታ ከገባ በኋላ ምልክቱ እስኪታይ የሚያልፉት ቀናት ተሕዋስያኑ በሰውነት ውስጥ የሚራቡባቸው ናቸው የሚል ነበር። የፈረስ ሴረም ውስጥ ግን የሚራባ ሕይወት ያለው ነገር የለም። ታዲያ ስምንቱን ቀን የሚፈጀው ምንድን ነው? ፒርኬ መልሱን ከሕመምተኛው አካል ውስጥ ፈለጉ። አካሉ እንግዳውን ነገር የሚቃወም ንጥረ ነገር ለማዘጋጀት ቀናት ያስፈልጉታል፤ ሕመሙ የሚነሣውም ሁለቱ ሲገናኙ ነው። ሁለተኛው መርፌ ሲመጣ መከላከያው አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ስለሚጠብቀው ግጥሚያው ወዲያው ይጀመራል። እንግዲህ የሚያሳምመው እንግዳው ብቻ አይደለም፤ ባለቤቱም በአቀባበሉ ራሱን ያሳምማል። ይህ በዚያ ዘመን ለመቀበል እጅግ የሚከብድ ሐሳብ ነበር፤ የሰውነት መከላከያ ጠባቂ ብቻ ሆኖ ነበርና የሚታወቀው።

ሁለቱ ወጣቶች እ.ኤ.አ በ1903 ሐሳባቸውን በታሸገ ደብዳቤ በቪየና የሳይንስ አካዳሚ አስቀመጡ። በ1905 ስለ ሴረም በሽታ የጻፉትን መጽሐፍ አሳተሙ። በዚያው ሰሞን ፈረንሳውያኑ ሻርል ሪሼና ፖል ፖርትዬ ከባሕር እንስሳ የተወሰደ መርዝ በውሾች ላይ ሲሞክሩ፣ በመጀመሪያው መርፌ ያልተጎዳ ውሻ በሁለተኛውና እጅግ ባነሰው መጠን በደቂቃዎች ሲሞት አይተው ነበር። አናፊላክሲስ ያሉት ያንን ነው፤ ሪሼም በ1913 ኖቤል ተሸለሙበት።

ፒርኬ እ.ኤ.አ በ1906 በሙኒክ የሕክምና ሳምንታዊ መጽሔት ላይ አጭር ጽሑፍ አወጡ። ሌላ እና ሥራ የሚሉ ትርጉሞች ያሏቸውን ሁለት የግሪክ ቃላት አጋጥመው አለርጂ የሚለውን ስም ፈጠሩ። ቃሉ በእርሳቸው አሳብ ሰፊ ነበር፤ አካል አንድን ነገር አንድ ጊዜ ካገኘ በኋላ ለዚያ ነገር የሚሰጠው ምላሽ መለወጡን ሁሉ፣ ለበጎም ሆነ ለክፉ፣ ያካትታል። ብዙ ሐኪሞች ቃሉን አላስፈላጊ ብለው ተቃወሙት። ኋላ ግን ቃሉ ከተቃዋሚዎቹ ዕድሜ በልጦ ኖረ፤ ትርጉሙ ግን ጠብቦ ለሕመሙ ብቻ ቀረ። የዘመናችን ሰው ሥራ አለርጂክ ነኝ ብሎ እስኪቀልድ ድረስ መንደሩን መልመዱን ቢሰሙ ኖሮ ምን ይሉ እንደነበር እንጃ።

እግረ መንገዳችንን ወደ ጎጃም እንመለስ። በቀዩ አፈር ላይ በባዶ እግር የሚሄደው ብዙ ነው፤ እግሩ የሚያብጠው ግን ከጥቂት ቤተሰብ ነው። ይህ በተለምዶ ዝሆኔ የምንለው፣ በሕክምና ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለው ሕመም አለርጂ አይደለም። ብሪታኒያዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በኢትዮጵያ ባደረጉት ጥናት ምክንያቱ ትል ሳይሆን የአፈሩ ማዕድን መሆኑን አሳይተዋል። እ.ኤ.አ በ2012 በኢትዮጵያውያን ሕሙማን ላይ ተጠንቶ የታተመ የዘር ጥናት ደግሞ የመከላከያ ሥርዓትን የሚመሩ በራሂዎች ከሕመሙ ጋር እንደሚያያዙ አመልክቷል። ያው አፈር፣ ልዩ ልዩ አካል፤ ጥያቄው የፒርኬ ጥያቄ ነው።

እ.ኤ.አ በ1907 ፒርኬ ስማቸውን በዓለም ያስጠራውን ሥራ አቀረቡ። ሮበርት ኮክ ለሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ይሆናል ብለው ተስፋ ጥለውበት የነበረው ቱበርኩሊን መድኃኒት ሳይሆን ቀርቶ ነበር። ፒርኬ ጠብታውን በሕፃናት ክንድ ላይ አኑረው ቆዳውን በቀላሉ ጫሩት። የነቀርሳ ተሕዋስ ከዚህ በፊት የነካው ሕፃን ክንድ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይቀላል፣ ያብጣል፤ ያልነካው ዝም ይላል። የወደቀ መድኃኒት ምርመራ ሆነ። በዚህ ምርመራ ጤነኛ ከሚመስሉ የቪየና ልጆች ብዙዎቹ ሳይታወቅባቸው ተሕዋሱን ተሸክመው እንደሚኖሩ ታወቀ። በማግሥቱ ዓመት ፈረንሳዊው ሻርል ማንቱ ጠብታውን በመርፌ ቆዳ ውስጥ በመስጠት አሻሻሉት፤ በየአገሩ እስከ ዛሬ የሚሠራበትም ይኸው ነው።

ከዚያ በኋላ ዝናቸው ባሕር ተሻገረ። በአሜሪካ ባልቲሞር የሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የሕፃናት ሕክምና ፕሮፌሰር አድርጎ ጠራቸው። ብዙ አልቆዩም፤ በ1910 ወደ ብሬስላው፣ በ1911 መምህራቸው ኤሸሪሽ ሲሞቱ ወንበራቸውን ለመውረስ ወደ ቪየና ተመለሱ።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ ቪየና የረሃብ ከተማ ነበረች። የልጆቹ አጥንት ተጣምሞ፣ ፊታቸው ገርጥቶ ይታይ ነበር። የአሜሪካ የእርዳታ ድርጅት የሕፃናት ምገባ ሲጀምር የኦስትሪያውን ሥራ የመሩት ፒርኬ ናቸው። ማን ቀድሞ ይብላ የሚለውን ከባድ ጥያቄ በግምት ለመመለስ አልወደዱም። የአንድ ግራም ወተትን የምግብ ዋጋ መለኪያ አድርገው ምግብን ሁሉ በዚያ ሰፈሩ። ልጁ ተቀምጦ የሚለካውን ቁመትና ክብደቱንም አስተያይተው የጎደለውን ለዩ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናት በዚህ ሥርዓት ተመግበዋል። ሥርዓቱ ግን ከካሎሪ ጋር ሊወዳደር አልቻለም፤ ከፈጣሪው ጋር አብሮ ተረሳ። የብዙ ዓመት ድካማቸውን ከአለርጂ ምርምር ነጥቆ መውሰዱ ለሕክምናው ዓለም ኪሳራ ሳይሆን አይቀርም፤ የተራበው ልጅ ግን እንዲህ ብሎ አይፈርድም።

በአገራቸው ከመከበራቸው የተነሣ እ.ኤ.አ በ1928 ስማቸው ለኦስትሪያ ፕሬዚዳንትነት ተነሥቶ ነበር። ለኖቤልም ደጋግመው ታጭተዋል፤ አልተሸለሙም። በቤታቸው ግን ኀዘን ነበር። ባለቤታቸው ማሪያ ለረጅም ዘመን ሕመምተኛ ነበሩ፤ ልጅም አልወለዱም። እ.ኤ.አ ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1929፣ በእኛ አቆጣጠር የካቲት 21 ቀን 1921 ዓ.ም፣ ባልና ሚስት በገዛ እጃቸው ሕይወታቸውን አሳለፉ። ፒርኬ የ54 ዓመት ሰው ነበሩ። ቤላ ሺክ አስቀድመው ወደ አሜሪካ ሄደው ስለነበር፣ ሥራቸውን በዚያ ቀጥለው እስከ 1967 ኖሩ።

ፒርኬ በግምት ያዩት ንጥረ ነገር የተገኘው በ1960ዎቹ ነው። ጃፓናውያኑ ባልና ሚስት ኪሚሺጌና ቴሩኮ ኢሺዛካ በአሜሪካ፣ ሌሎች ተመራማሪዎችም በስዊድን፣ አይጂኢ የተባለውን ፀረ እንግዳ አካል ለዩ። ሁለቱ ፈረንሳውያን ያዩት ዓይነት ፈጣን ምላሽ በሰው ላይ በአብዛኛው በእርሱ ይመራል። ንብ ለመጀመሪያ ጊዜ የነደፈችው ሰው በዝምታ አይጂኢ ሊያዘጋጅ ይችላል፤ አይጂኢው በቆዳ፣ በአፍንጫና በሳንባ ውስጥ በሚገኙ ማስት ሴል በተባሉ ሕዋሳት ላይ ተጣብቆ ይጠብቃል። ዳግመኛ ስትነድፈው ሕዋሳቱ ሂስታሚንና መሰሎቹን ይዘረግፋሉ። ማሳከክ፣ ማበጥ፣ ማስነጠስና የትንፋሽ ማጠር የዚህ ውጤት ናቸው። የሴረም በሽታው ግን ሌላ መንገድ አለው፤ የነቀርሳው የክንድ ምርመራም እንዲሁ፤ ለዚህ ነው የነቀርሳው ውጤት ከሁለት እስከ ሦስት ቀን ቆይቶ የሚነበበው፣ የአለርጂው የቆዳ ምርመራ ግን በሃያ ደቂቃ ውስጥ መልስ የሚሰጠው።

በምርመራው በኩል ዛሬም ቀዳሚው ነገር የሕመምተኛው ታሪክ ነው፤ መቼ፣ የት፣ ምን ከተበላ ወይም ምን ከተነካ በኋላ የሚለው። ከዚያ በክንድ ላይ የሚደረግ የጠብታ ምርመራ ወይም በደም ውስጥ አይጂኢን መለካት ይከተላል። ሕክምናው ከሚያስነሣው ነገር መራቅን፣ የሂስታሚንን ሥራ የሚገቱ መድኃኒቶችን፣ ለአስም ደግሞ በአፍ የሚሳቡትን ይጨምራል። እንግሊዛዊው ሊዮናርድ ኑን እ.ኤ.አ በ1911 የሣር ብናኝን በጥቂት በጥቂቱ በመርፌ እየሰጡ አካልን የማለማመድ ሕክምና አሳተሙ፤ እርሱም አልሞተም። ጉሮሮ ሲያብጥ፣ ትንፋሽ ሲቆራረጥ ወይም ሰው ራሱን ሲስት ግን ጊዜ የለም፤ በጭን ጡንቻ የሚሰጥ አድሬናሊን ያስፈልጋል፣ ሕመምተኛውም ሳይውል ሳያድር ሳይሆን በዚያችው ደቂቃ ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። ፔኒሲሊን አንድ ጊዜ ሽፍታ ወይም እብጠት ያስነሣበት ሰው በሚቀጥለው ሕክምና ሳይጠየቅ ሊናገረው ይገባል። ለእባብ ንክሻ የሚሰጠው መድኃኒት ዛሬም በአብዛኛው ከፈረስ ደም የሚዘጋጅ ስለሆነ፣ ፒርኬ በቪየና ያዩት ነገር በእኛም ሐኪሞች ዐይን ፊት ሊታይ ይችላል።

በአገራችን ከተደረጉ ጥናቶች ስመ ጥሩ በጅማና በዙሪያዋ የተካሄደውና እ.ኤ.አ በ1997 በላንሴት መጽሔት የታተመው ነው። ተመራማሪዎቹ በክንድ ላይ ካኖሯቸው ጠብታዎች አንዱ ከአውድማ ብናኝ የተቀመመ ነበር። አስም በገጠሩ ከከተማው አንሶ ተገኘ። ለብናኙና ለቤት አቧራ ተባይ የቆዳ ምላሽ የሰጠው ሰው ግን በገጠሩ በዝቶ ታየ፤ በከተማ ክንዱ የሚቀላ ሰው በአስም ሲቸገር፣ በገጠር ክንዱ የሚቀላው አብዛኛው በደህና ይተነፍሳል። ከዓመታት በኋላ እዚያው ጅማ የተደረገ ሌላ ጥናት የመንጠቆ ትል በአንጀታቸው የሚኖር ሰዎች ደረታቸው የማፏጨት ዕድሉ ያነሰ መሆኑን አሳየ። ትሉ ደም ማነስ ያመጣልና ማንም መድኃኒት ነው ብሎ አይዘው። ተመራማሪዎች ግን ትሉ መከላከያውን እንዴት እንደሚያበርደው እስከ አሁን ይመረምራሉ።