ሆርሞንና ነቀርሳ፤ የዶክተር ቻርለስ ሀጊንስ ሕይወትና ሥራ

ነቀርሳ ለብዙ ዘመን ከሰውነት ሥርዓት ያፈነገጠና ማንም የማያዘው ሥጋ ተደርጎ ይታይ ነበር። ስለዚህ ሐኪሙ የነበረው ምርጫ ቆርጦ ማውጣት ወይም በጨረር ማቃጠል ብቻ ነበር። ይህን እምነት በመለኪያ ካናጉት ሳይንቲስቶች መካከል ግንባር ቀደሙ ቀዶ ሐኪሙ ዶክተር ቻርለስ ብሬንተን ሀጊንስ ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሀጊንስ በ1901 ካናዳ ውስጥ በሃሊፋክስ ከተማ ተወለዱ። በአካዲያ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን በ1920፣ ከሃርቫርድ ደግሞ የሕክምና ዲግሪያቸውን በ1924 ተቀበሉ። በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ቀዶ ሕክምና ከሠለጠኑ በኋላ፣ በ1927 አዲስ በተቋቋመው የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ከመጀመሪያዎቹ ስምንት መምህራን አንዱ ሆኑ። የተመደቡበት የሥራ ዘርፍ የሽንት አካላት ቀዶ ሕክምና ነበር። ስለዘርፉ የነበራቸው ዕውቀት አነስተኛ ስለነበረ መጽሐፍ ይዘው ራሳቸውን አስተማሩ።

ትኩረታቸውን የሳበው ከፊኛ በታች የሽንት ቧንቧን ከቦ የሚገኘው የፕሮስቴት ዕጢ ነው። ይህ ዕጢ ከወንድ ዘር ጋር የሚቀላቀለውን ፈሳሽ ያመነጫል። ፈሳሹ ከሽንት ጋር ስለሚደባለቅ መለካት አስቸጋሪ ነበር። ሀጊንስና ባልደረቦቻቸው የውሻን ፕሮስቴት በቀዶ ጥገና ከሽንት መስመር ለዩትና ንጹሑን ፈሳሽ በየዕለቱ መለካት ቻሉ። አንድን መስመር ከመላው መረብ ነጥሎ ቆጣሪ እንደሚገጥም መሐንዲስ መሆናቸው ነበር። ውጤቱም ግልጽ ሆነ። የዘር ፍሬ ሲወጣ ፈሳሹ ይቆማል፤ ቴስቶስቴሮን የተባለው የወንዴ ሆርሞን ሲሰጥ ይመለሳል፤ ኤስትሮጅን የተባለው የሴቴ ሆርሞን ሲጨመር ይቀንሳል።

ከውሾቹ መካከል አንዳንድ ያረጁት በፕሮስቴታቸው ላይ እባጭ ነበራቸው። ይህ በመጀመሪያ ሥራውን የሚያበላሽ እንቅፋት መስሎ ነበር። ይሁን እንጂ የዘር ፍሬያቸው ሲወጣ እባጩም መኮማተሩ ታየ። ከዚያ በኋላ እንቅፋቱ ራሱ የጥናቱ ዓላማ ሆነ።

በሬውን ኮልሽቶ የሚጠምድና በጉን ሙክት የሚያደርግ ገበሬ፣ የዘር ፍሬ ሲጠፋ መላው አካል እንደሚለወጥ ከጥንት ጀምሮ ያውቃል። ነቀርሳም ለዚሁ ሕግ እንደሚገዛ በሰው ላይ በመለኪያ ያሳዩት ግን ሀጊንስ ናቸው። በ1941 ከወጣት ባልደረባቸው ከክላረንስ ሆጅስ ጋር ሆነው፣ ነቀርሳው እስከ አጥንት በተሰራጨባቸው 21 ሕመምተኞች ላይ የተደረገውን ሕክምና ውጤት አሳተሙ። መለኪያቸው አሲድ ፎስፋቴዝ የተባለው ኤንዛይም ነበር። ይህ ኤንዛይም የፕሮስቴት ነቀርሳ ሲሰራጭ በደም ውስጥ ከፍ ይላል። የዘር ፍሬ ሲወጣ ወይም ኤስትሮጅን ሲሰጥ ልኬቱ ወረደ፤ ቴስቶስቴሮን ሲወጋ እንደገና ወጣ። በሥቃይ ተኝተው ከነበሩት ብዙዎቹ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሕመማቸው ቀለለ፤ የምግብ ፍላጎታቸውም ተመለሰ። ከ21ዱ አራቱ ከ12 ዓመት በላይ ኖሩ።

ይህ እፎይታ ግን ዋጋ ነበረው። ወንድነት በክብር በሚታይበት ኅብረተሰብ ሁሉ፣ ስልብ የሚለው ቃል በአገራችንም የሚያሸክመው ኀፍረት ይታወቃል። ሕመምተኛው ይህን ሸክም እያሰበ ለቢላዋው መፍቀድ ነበረበት። ከዚህም በላይ በአብዛኞቹ ላይ በሽታው ውሎ አድሮ ተመለሰ። ሀጊንስ ምክንያቱን ሲፈልጉ፣ ከኩላሊት በላይ ያሉት አድሬናል ዕጢዎችም የወንዴ ሆርሞን እንደሚያመነጩ አሰቡ። በ1951 ኮርቲሶን በተባለው መድኃኒት እየታገዙ እነዚህን ዕጢዎች እስከ ማውጣት ደረሱ። ዘዴው ለፕሮስቴት ብዙ ባይፈይድም ለአንዳንድ የጡት ነቀርሳ ሕመምተኞች እፎይታ አስገኘ። በዚያው ዓመት የቤን ሜይ የነቀርሳ ምርምር ላቦራቶሪ ዲሬክተር ሆኑ፤ እስከ 1969ም መሩት። በ1966፣ ማለትም ከታዋቂው ጽሑፋቸው 25 ዓመት በኋላ፣ ከፔይተን ራውስ ጋር የኖቤልን ሽልማት ተካፈሉ።

የሀጊንስ ግኝት ብዙዎችን ወደ አንድ ግምት መርቷል። ሆርሞን ነቀርሳውን የሚመግብ ከሆነ፣ ሆርሞን የበዛበት ወንድ ለበሽታው ይበልጥ የተጋለጠ መሆን አለበት የሚል ነው። በ2008 የ18 ጥናቶች ውጤት በአንድነት ሲመረመር ግን፣ በደም ውስጥ ባለው የወንዴ ሆርሞን መጠንና በበሽታው መያዝ መካከል ዝምድና አልተገኘም። ውኃ ዘር አይሆንም፤ የተዘራውን ግን ያበቅላል። ዘሩን ፍለጋ የተደረገው ጉዞ በ2005 ሀጊንስ በሠለጠኑበት በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ታላቅ ፍሬ አፈራ። ለወንዴ ሆርሞን የሚታዘዝ አንድ ጂን ተቆርጦ ኢአርጂ ከተባለ ሌላ ጂን ጋር መጣበቁ በብዙ እባጮች ላይ ታየ። ይህ ውህደት የአውሮፓ ዝርያ ባላቸው ሕመምተኞች ዘንድ በግማሽ ያህሉ ሲገኝ፣ የአፍሪካ ዝርያ ባላቸው ዘንድ ያነሰ ነው። የፕሮስቴት ነቀርሳ በአንድ ስም የሚጠሩ ልዩ ልዩ በሽታዎች መሆኑ በዚህ ታወቀ። ተመራማሪዎችም የሆርሞንን ድርሻ በጠቅላላው መጠየቁን ትተው በየዓይነቱ መመርመር ጀመሩ።

ዛሬ የዘር ፍሬን ሥራ በመርፌ ማስቆም ይቻላል። መርፌው ግን ውድ ነው፤ በየወሩ ወይም በየጥቂት ወሩም ይደገማል። ከ2015 ጀምሮ የደቡብ ሱዳን ስደተኞች የሚኖሩበትን በጋምቤላ ክልል ያለውን የጀዊን መጠለያ ለአብነት ብንወስድ፣ የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት በብቸኝነት ይሰጥበት ወደ ነበረው ወደ አዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለመድረስ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ይጠይቃል። በእንዲህ ያለ ስፍራ ለሚኖር ሕመምተኛ፣ የ1941ዱ ቀላል ቀዶ ጥገና በአካባቢ ማደንዘዣና በሠለጠነ ሐኪም እጅ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያልቅ በመሆኑ ዛሬም ዋጋውን አላጣም። ከአገልግሎት የሚወጣ ዘዴ ሁሉ ዋጋ ቢስ አለመሆኑን ባለሙያ ሁሉ ልብ ሊለው ይገባል።

ዶክተር ሀጊንስ በ1997 በ95 ዓመታቸው ቺካጎ ውስጥ አረፉ። ያስተላለፉት ቅርስ ነቀርሳ ከሰውነት ጋር ያለው ትስስር ገና እንዳልተበጠሰ፣ ትስስሩም በትዕግሥት ከተለካ ለሕክምና መግቢያ በር እንደሚሆን ማሳየታቸው ነው።