ጠመንጃ ጭኖ አንኮበር የደረሰው ባለቅኔ

ሐረር የሄደ ሰው ራምቦ ቤት ሳይገባ አይመለስም። ያ ባለ ቀለም መስታወት ያማረ የእንጨት ቤት አርተር ራምቦ የኖረበት እንዳልሆነ፣ አንድ ህንዳዊ ነጋዴ ያሠራው መሆኑን አስጎብኚዎቹም አይደብቁም። ግን ምን ችግር አለው፣ ፎቶ ይነሳል፣ ወደ ቤት ይኬዳል። ፈረንሳዊው ባለቅኔ ሐረር መጣ፣ ቡናና ቆዳ ነገደ፣ ታመመ፣ ሞተ። የምናውቀው ይህን ያህል ነው።

እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። ከአንኮበር የሚለየን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነው። ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚክስ ተምሬ እስክጨርስ ድረስ ግን ራምቦ የሕይወቱን ትልቁን ንግድ ይዞ የመጣው ወደ እኛ አገር፣ ወደ አንኮበር እንደነበር የነገረኝ ሰው አልነበረም። ያወቅኩት ሥራ ፈትቼ ቤት በተቀመጥኩበት ክረምት ደብዳቤዎቹን ሳነብ ነው። ግጥሞቹን ለመረዳት ሞክሬ ነበር፣ አልሆነልኝም። ደብዳቤዎቹ ግን ገቡኝ፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ የዋጋ፣ የዕዳና የኪሳራ ወሬ ናቸውና። ለእኔ ቢጤ የተጻፉ ይመስላሉ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ካልተናገርኩ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ልጅነቱን በአጭሩ ልለፈው፤ ሌሎች ብዙ ጽፈውበታል። በጥቅምት 1854 ሰሜን ፈረንሳይ ሻርልቪል በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ መኮንን ነበር፤ ራምቦ ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ቤተሰቡን ጥሎ ሄደ። እናቱ ከገበሬ ቤት የወጡ፣ ሳቅ የማያውቁ፣ ሳንቲም የሚቆጥሩ ሴት ነበሩ። ልጁ በአሥራዎቹ አጋማሽ ላይ ሆኖ የጻፋቸው ግጥሞች የፈረንሳይን ሥነ ጽሑፍ ገለበጡ፤ ሃያዎቹን እንደጀመረ ደግሞ ብዕሩን ጥሎ ዳግመኛ ወደ ግጥም አልተመለሰም። በመሀሉ፣ በሐምሌ 1873፣ ብራስልስ ውስጥ ወዳጁ የነበረው ባለቅኔ ቬርሌን በስካርና በንዴት ሽጉጥ ተኩሶ የእጁን አንጓ አቆሰለው። ያቺ ሽጉጥ በ2016 ፓሪስ ላይ በጨረታ 434,500 ዩሮ ተሸጠች። ይህን ቁጥር ያዙልኝ። እሱ ራሱ ሁለት ሺህ ጠመንጃ ሸጦ ያገኘውን ስነግራችሁ ታስታውሱታላችሁ።

ከዚያ በኋላ ዓለምን ዞረ። ለኔዘርላንድስ ጦር ተቀጥሮ ጃቫ ድረስ ሄዶ ኮበለለ፣ ቆጵሮስ ላይ የድንጋይ ካባ ሠራተኞች አለቃ ሆነ፣ በ1880 ኤደን ደርሶ ባርዴ በሚባል የቡና ነጋዴ ዘንድ ተቀጠረ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ ሐረር ገባ። አምስት ዓመት ያህል በደመወዝ ሠራና ሰለቸው። የራሱን ንግድ ሊጀምር ፈለገ። በ1885 ደግሞ በዚህ አካባቢ አንድ ነጋዴ በአጭር ጊዜ ሊበለጽግበት የሚችል ዕቃ አንድ ብቻ ነበር፦ ጠመንጃ። ገዢውም አንድ ብቻ ነበር፦ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ።

የሸዋ የጠመንጃ ጉጉት በምኒልክ አልተጀመረም። አያታቸው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በ1841 ከእንግሊዝ የመጣውን የሃሪስን መልዕክተኛ ቡድን አንኮበር ላይ ሲቀበሉ፣ ከስጦታው ሁሉ ልባቸውን የማረከው 300ው ጠመንጃ ነበር። ምኒልክ ደግሞ በልጅነታቸው በቴዎድሮስ ተማርከው አሥር ዓመት ቆይተዋል፤ በ1865 ከመቅደላ አምልጠው አንኮበር ሲገቡ፣ ጠመንጃ የሌለው ንጉሥ ምን እንደሚደርስበት ከማንም በላይ ያውቁ ነበር። ስለዚህ ከሁሉም ይገዛሉ፣ ከሁሉም ይቀበላሉ። በ1883 አንኮበር ላይ ከጣሊያኑ አንቶኔሊ ጋር የንግድ ውል ተፈራርመዋል። ፈረንሳዮችም አሉ፣ ስዊዙ መሐንዲስ ኢልግም አማካሪያቸው ነው። ዕቃው ከታጁራ በግመል ተጭኖ በአፋር በረሃ ያልፍና በፋሬ አድርጎ ዳገቱን ይወጣል። ክፍያው በጠገራ ብር፣ በዝሆን ጥርስ፣ በወርቅ፣ በዝባድ ነው።

በጥቅምት 1885 ራምቦ ላባቱ ከሚባል ፈረንሳዊ ጋር ተዋዋለ። ላባቱ ሸዋን ያውቃል፣ አንኮበር ቤትና ሐበሻ ሚስት አለው፣ ምኒልክም ያውቁታል። ሒሳቡ ወረቀት ላይ እጅግ ያምር ነበር። ቤልጅየም ሊዬዥ ላይ ሰባት ስምንት ፍራንክ የሚያወጣ አሮጌ ጠመንጃ ሸዋ ላይ 40 ፍራንክ ይሸጣል ተብሎ ይታሰባል። ሁለት ሺህ ጠመንጃ በ40፣ 80 ሺህ ፍራንክ። አንድ ጠገራ ብር ያኔ ከአራት ፍራንክ ጥቂት ስለሚበልጥ፣ ወደ 19 ሺህ ብር መሆኑ ነው። አንደኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ብጠየቅ እኔም ግባበት እለው ነበር።

ጠመንጃው ግን ምን ዓይነት ጠመንጃ ነው? ጉዳዩ ያለው እዚህ ላይ ነው። አያቴ የጠመንጃ ስም ሲጠሩ እንደ ዘመድ ስም ነበር፦ ውጅግራ፣ ስናድር፣ በልጅግ፣ ምንሽር። እያንዳንዱ ስም የአንድ የአውሮፓ ጠመንጃ ወይም አገር ስም የሸዋ ምላስ ሲለምደው የመጣ ነው፤ ስናድር የእንግሊዙ ስናይደር፣ ውጅግራ የፈረንሳዩ ግራ። እነዚህ ሁሉ ከኋላ የሚጎርሱ ናቸው። ቀለህ ያለውን ጥይት ታስገባለህ፣ ትዘጋለህ፣ ቃታ ትስባለህ። የራምቦ ጠመንጃዎች ግን አብዛኞቹ ከእነዚህ በፊት የነበሩት ናቸው። ባሩዱን በአፈሙዙ ታፈሳለህ፣ እርሳሱን ታስከትላለህ፣ በዘንግ ትጎሰጉሳለህ፣ ከዚያ ትንሿን የመዳብ ቆብ ትሰካለህ፣ አሁን ገና ተኩስ። የአውሮፓ ጦር ከጣላቸው ዘመን የለውም፤ ራምቦ ራሱ ለቤተሰቡ ሲጽፍ ከአርባ ዓመት በፊት የተጣሉ መሆናቸውን አልሸሸገም። እሱ ታጁራ ላይ ግመል ሲጠብቅ በነበረበት በዚያው በ1886 ፈረንሳይ ጭስ በሌለው ባሩድ የሚተኩሰውን ለበልን ለጦሯ ተቀበለች። በአምስት ዓመቱ ሩሲያ በርዳን የተባለውን ጠመንጃዋን በሞሲን ተካች፤ በርዳኑም ተራውን ጠብቆ ወደኛ አገር ገባ። የአንኮበር የጠመንጃ ዋጋ የሚወሰነው እንዲህ ነበር፦ ፓሪስ ወይም ፒተርስበርግ አዲስ ሲገዙ አሮጌው ወደ ቀይ ባሕር ይወርዳል።

ታጁራ ላይ ራምቦ አንድ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረው። መጀመሪያ ግመል ጠፋ። ቀጥሎ እንግሊዝና ፈረንሳይ በባሕሩ ዳርቻ ጠመንጃ እንዳይገባ ተስማሙ፤ ደብዳቤ መጻፍ፣ መለመን፣ ፈቃድ መጠበቅ ሆነ። ቀጥሎ ላባቱ ታመመ፣ ካንሰር ነበር፣ አገሩ ሄዶ ሞተ። አብሮ ለመጓዝ ያሰበው ሶሌዬ የተባለ ሌላ ነጋዴም ኤደን ላይ በድንገት ሞተ። ከሸዋ ሲመለስ የነበረ ባራል የሚባል ፈረንሳዊ ደግሞ ከነተከታዮቹ በረሃው ላይ ተገድሏል። ሌላ ሰው ቢሆን ዕቃውን ባሕር ይጥለው ነበር። ራምቦ ግን ገንዘቡን በሙሉ እዚያ ውስጥ ከቷል። በጥቅምት 1886 ብቻውን፣ በግመሎችና በአፋር መንገድ መሪዎች ታጅቦ ተነሳ።

አራት ወር ፈጀበት። የአሳልን የጨው ሐይቅ አለፈ፣ አዋሽን ተሻገረ፣ ፋሬ ደረሰ። ከቆላው ተነስቶ አንኮበርን በእግር የወጣ ሰው ይህን ዳገት ያውቀዋል። እኔ ከአልዩ አምባ ተነስቼ አንዴ ወጥቼዋለሁ፤ ጀርባዬ ላይ የነበረው ውኃና ዳቦ ብቻ ነው፣ ሦስት ጊዜ ተቀምጫለሁ። ከታች ማሽላና ጥጥ፣ ከላይ ገብስና ጉም። የካቲት 6 ቀን 1887፣ በእኛ ጥር 1879 ዓ.ም. ሊያልቅ ሲል፣ አንኮበር ገባ።

ንጉሡ የሉም።

ምኒልክ ጨለንቆ ላይ ድል አድርገው ሐረር ገብተው ነበር። ራምቦ የሠራባትን ከተማ ሊሸጥላቸው ጠመንጃ በጫነላቸው ንጉሥ ተይዛ አገኛት። መናገሻውም ቢሆን ከአንኮበር ወደ እንጦጦ እየሄደ ነበር። አንኮበር ላይ የጠበቁት አዛዥ ወልደ ጻድቅና የላባቱ ባለዕዳ ነን ባዮች ናቸው። ሟቹ ለማን ያልተበደረው ነበር? ግማሹ እውነተኛ፣ ግማሹ ሰው ሞተ ሲሉ ሰምቶ የመጣ። ባለቤቱ ደግሞ ከሰሰችው፤ አዛዡ ዘንድ ሙግት ሆነ። አንዴ ለእሱ ይፈረዳል፣ አንዴ ለእሷ። የላባቱን ቤት ሊወርስ ቢገባ ያገኘው አሮጌ የውስጥ ሱሪ፣ የጥይት ማቅለጫ ቅርጽና፣ ይህን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼዋለሁ፣ ነፍሰ ጡር ባሪያዎች። ሴቶቹን ትቷቸው ወጣ። ላባቱ ትዝታውን የጻፈባቸውን ሠላሳ አራት ደብተሮች ግን እሳት ውስጥ ጨመራቸው። በኋላ ሲሰማ ከደብተሮቹ መካከል የቤትና የንብረት ወረቀት ነበረበት። ግጥም ትቶ ነጋዴ የሆነ ሰው የነጋዴውን ሰነድ አቃጠለ።

ንጉሡን እንጦጦ ሄዶ አገኛቸው። ምኒልክ ከሐረር የማረኳቸውን ክሩፕ መድፎች አስይዘው በመለከት ገብተዋል፤ በርካታ ሬሚንግተንና ጥይትም አግኝተዋል። አሁን በአፈሙዝ የሚጎርስ ጓንዴ ማን ይፈልጋል? ዕቃውን በጅምላ 14 ሺህ ብር ገመቱት። ከዚያ ላይ የላባቱ ዕዳ፣ የግመል ኪራይ እየተባለ ተቀነሰ። መጨረሻ የተሰጠው 9 ሺህ ብር ገደማ የሚያወጣ ማዘዣ ነው፤ እሱም በእጅ ሳይሆን ሐረር ሄዶ ከራስ መኮንን የሚቀበለው። ራምቦ በደብዳቤዎቹ ንጉሡን ሲያማ አያባራም። የፈረንሳይ ጸሐፊዎች ብዙዎቹ ሐሜቱን እንዳለ ወስደውታል፤ የዋሁ ባለቅኔና ብልጣብልጡ ንጉሥ።

እኔ እንዲህ አላየውም። ገዢው አንድ ብቻ በሆነበት ገበያ፣ ዕቃህን ይዘህ መመለስ የማትችልበት ቦታ ላይ ቆመህ፣ ዋጋ ቆራጭ አንተ አይደለህም። ለመመለስ ሌላ አራት ወር በረሃ አለ። ምኒልክ ይህን ያውቃሉ። ደግሞም የከፈሉት ለዕቃው ትክክለኛ ዋጋ ነው፤ 40 ፍራንክ የሚለው ቁጥር እነዚያ ጠመንጃዎች ታጁራ ዓመት ከመቀመጣቸው በፊት፣ ሐረር ከመያዟ በፊት የነበረ ዋጋ ነው። የአፍሪካ ንጉሥ ለአውሮፓ ውራጅ ከዋጋው በላይ አልከፍልም ሲል አጭበርባሪ የሚባልበትን ምክንያት እስካሁን የሚያስረዳኝ አላገኘሁም።

ይሁንና ማዘዣው ላይ ሆዴ ይባባል። እኔም በፍሪላንስ የምኖር ሰው ነኝ። ስሙን የማልጠራው አንድ ድርጅት ለሠራሁት ጥናት ክፍያዬን ሰባት ወር አቆይቶ፣ ከሌላ ቢሮ ተቀበል ብሎ ልኮኛል፤ ሌላው ቢሮ በጀት አልተለቀቀም አለ። ስለዚህ ራምቦ ከተጓዡ ቦሬሊ ጋር ሐረር ደርሶ፣ ራስ መኮንን ዘንድ ጥሬ ብር ጎድሎ፣ ለቀሪው ምጽዋ የሚመነዘር ሌላ ወረቀት ሲሰጠው፣ ምጽዋ ሲሄድ ደግሞ መታወቂያ የለህም ተብሎ ሲያዝ፣ አልሳቅኩም።

ካይሮ ሲደርስ ወርቁን በመቀነት ወገቡ ላይ ታጥቆ ነበር፤ ክብደቱ ተቅማጥ አመጣብኝ ይላል። ባንክ ያስገባው 16 ሺህ ፍራንክ ነው። ከስሬያለሁ እያለ አማርሯል፤ በጥሬው ካየነው የገባው ያህል ይዞ የወጣ ይመስላል። ግን ሃያ አንድ ወር ዕድሜስ? ደብዳቤው ላይ ፀጉሩ ሽበት መሆኑን የጻፈው የ32 ዓመት ሰው ሆኖ ነው። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ አንቶኔሊ ለምኒልክ 5 ሺህ ሬሚንግተን ለመስጠት በጣሊያን መንግሥት ስም ተዋዋለ። ነጋዴ ከመንግሥት ካዝና ጋር መወዳደር አይችልም። የጠመንጃ ንግዱ ለራምቦ እዚያ ላይ አበቃ ማለት ይቻላል።

በ1888 ሐረር ተመልሶ ሱቅ ከፈተ፤ ጨርቅና ማሰሮ እያስገባ ቡና፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ያወጣል። ከራስ መኮንን ጋር ተግባብቷል። ባሪያ ነጋዴ ነበር የሚሉ አሉ፤ ማስረጃ አልተገኘም። በ1889 ግን አንድ በቅሎና ሁለት ባሪያ ልጆች ላክልኝ ብሎ ለኢልግ ጽፏል፣ ኢልግም እምቢ ብሎታል። ይህን የሐረር አስጎብኚ አይነግራችሁም። ጠመንጃውም ቢሆን ለጌጥ አልተገዛም፤ በእነዚያ ዓመታት የሸዋ ጦር ወደ ደቡብና ምሥራቅ እየዘመተ ነበር። በዓድዋ እኮራለሁ፣ የዓድዋ ጠመንጃ ግን ከዓድዋ በፊት ሌላ ቦታ ተተኩሷል።

በ1891 መጀመሪያ ቀኝ ጉልበቱ አበጠ። ሚያዝያ ላይ ራሱ በነደፈው ቃሬዛ አሥራ ስድስት ሰው ተሸክሞት በረሃውን ወደ ዘይላ ወረደ። ግንቦት ላይ ማርሴይ እግሩ ተቆረጠ። በሽታው አልቆመም። እህቱ ኢዛቤል አጠገቡ ነበረች፤ ሐረር የቀረውን አገልጋዩን ጃሚን ደጋግሞ ያነሳ ነበር፣ ገንዘብም ተወለት። ኅዳር 10 ሞተ፣ 37 ዓመቱ ነበር። ከመሞቱ አንድ ቀን በፊት ለመርከብ ድርጅት የሚላክ ደብዳቤ ለእህቱ አስጽፏል። መጀመሪያው ላይ የዝሆን ጥርስ ይቆጥራል፣ አንድ ጭነት ይህን ያህል ጥርስ፣ ሌላ ጭነት ይህን ያህል። ቀጥሎ መንቀሳቀስ እንደማይችል ይናገርና፣ ወደ መርከቡ ተሸክመው የሚያስገቡት በስንት ሰዓት እንደሆነ ይጠይቃል።