የትንሿ ድመት አባት

ዛሬ ስለ አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ጥቂት እናውጋ።

የመን ውስጥ ከደውስ ጎሳ ናቸው። የቤተሰባቸውን በግ ሲጠብቁ አንዲት ትንሽ ድመት ነበረቻቸው። ማታ ዛፍ ላይ ያሳድሯታል፤ ቀን ይዘዋት ወጥተው ያጫውቷታል። ስማቸው የወጣው ከዚሁ ጨዋታ ነው።

በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ በኸይበር ዘመቻ ሰሞን፣ ወደ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መጡ። ከዚያ በኋላ ሱፋ በሚባለው የመስጂዱ ጥግ ከድሆች ጋር እየተራቡም ከአጠገባቸው አልጠፉም። ከነድግግሞሹ ከ5,300 በላይ ሐዲስ ያስተላለፉት ለዚህ ነው። በኋላ መዲና ላይ ወደ አኺራ ሄዱ።

ካስተላለፉት አንዱ ድመት ዘግታ ስለገደለች ሴት ይናገራል። አላበላቻትም፤ ራሷ አድና እንድትበላም አልለቀቀቻትም። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ሁለተኛው ነው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ የምትኖር ድመት ሆዷ ይሞላ ይሆናል፤ አደን ግን የላትም። ስለዚህ ክር ላይ ጨርቅ አስራችሁ እንደ አይጥ ከፊቷ አሽሹት። ጥቂት ደቂቃ አሯሩጧት፣ መጨረሻ ላይ ትያዘው፣ ወዲያው ምግቧን ስጧት። ባዶ ካርቶንና ውጭ የምታይበት መስኮትም ያጫውቷታል። ክሩን ግን ስትጨርሱ አንሱት፤ ከዋጠችው አንጀቷን ይጎዳል።